እዚህ ምን ይረክሳል?

ድሬ ላይ ስለ እሳት ለመጻፍ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ግንቦት ላይ፣ በስምንት ሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር ብቅ ማለት ይበቃል። እኔም ይህን ተማምኜ ነው ጉድ የሆንኩት።

የምሠራው ትንሽ የሕትመትና ዲዛይን ቤት ውስጥ ነው። ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ ማኅተም። አንድ ቀን አንድ የወጣቶች ማዕከል ለክረምት የሚሆን የጠረጴዛ ጨዋታ አዘዘን። ተጫዋቾች አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ነጋዴ ሆነው፣ መሪው ታሪኩን እየተረከ፣ ዕድላቸውን በዳይስ የሚሞክሩበት ዓይነት። የዚህ ጨዋታ አባት በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ኮሌጅ እያለሁ እጫወተው ስለነበር አለቃዬ ሥራውን እኔ ላይ ጣለው።

የተፈለገው አራት ዓለም ነው፤ የእሳት፣ የውሃ፣ የነፋስና የመሬት። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰው ከአራቱ ባሕርያት ተፈጠረ የሚለውን ቤተ ክርስቲያን ያደገ ያውቀዋል። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ደግሞ ለየዓለሙ ባለቤት ሰጥቷል። የእሳቱ ኢፍሪት የሚባሉ የእሳት ጂኒዎች ናቸው፤ ይህን ስም ሐረር ላሉ አያቶች ማስረዳት አያስፈልግም።

በእሳቱ ጀመርኩ። 14 ገጽ ጻፍኩ። ሰማዩ ፍም፣ ወንዙ የቀለጠ ድንጋይ፣ ዝናቡ አመድ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ልጆች ለሙከራ መጡ። ጦረኛው ሦስት እርምጃ ሄዶ ተቃጠለ። ሁለተኛው ሊያወጣው ገባና እሱም ተቃጠለ። ሦስተኛው ስልኩን አወጣ። የቀረችው ልጅ ነጋዴ ናት (የድሬ ልጅ ሌላ ምን ትመርጣለች?)። ከበሩ አልራቀችም።

«አቦ፣ እዚህ ምን ይረክሳል?» አለችኝ።

«ምን ማለት?»

«እዚህ ረክሶ ወዲያ የሚወደድ ነዋ! ውሃ ስንት ነው? ማነው የሚያስገባው? ኬላው የት ነው?»

ገጾቼን አገላበጥኩ። ኬላ የለም። ገበያ የለም። የሚኖርበት ፍጡር ምን እንደሚፈልግ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም። የእሳት ዓለም ብዬ ምድጃ ነበር የሠራሁት። ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። አለቃዬ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሳቀውን ሳቅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

የሚያናድደው፣ ያ አሮጌ ጨዋታ ራሱ መልሱን ይዞታል። በእሳቱ ዓለም ውስጥ የኢፍሪቶች የነሐስ ከተማ አለ፤ እንግዳ ገብቶ የሚገበያይበት። እኔ ነበልባሉን ወስጄ ከተማውን ረሳሁት።

ሰኞ ከዜሮ ጀመርኩ። ውሃን ኮንትሮባንድ አደረግኩት። ሙቀቱን ደግሞ በየደቂቃው ከመቁጠር ሰዓት አስያዝኩት። ቀትር ላይ ሁሉም በሩን ይዘጋል፤ ሲመሽ ገበያው ይነቃል። ከየት እንደቀዳሁት ድሬ የኖረ ያውቃል።

የውሃውን ዓለም ባሕር ላደርገው አልፈለግኩም። ድሬን እንደሚያቋርጠው እንደ ደቻቱ አሸዋ አደረግኩት። ሰው የሚሻገርበት፣ ዕቃ የሚዘረጋበት ደረቅ ወንዝ። ላዩ ደጋ ላይ ሲዘንብ ግን ጎርፍ ይመጣል። መምጣቱን ለዳይስ ተውኩት።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ረቂቁን አንብባ ዝም አለች። ያደገችው ደቻቱ ዳር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

«ይሄ ዕጣ አይደለም» አለችኝ። «ቀን ቢሆን ሰው ወደ ተራራው አይቶ ይሸሽ ነበር። የመጣው ሌሊት ነው።»

ዳይሱን አወጣሁት። ቀን ከሆነ፣ ቀና ብሎ ደመናውን ያየ ተጫዋች ይተርፋል። ሌሊት ግን ወንዙ ውስጥ የሚያድር በራሱ ይፍረድ። በጨዋታው ሁሉ ውስጥ ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነጋገሩት እዚያ ጋ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ነጋዴዋ ልጅ በቀጥታ ወደ እሳቱ ሄደች። 20 ጀሪካን ውሃ ከከሰል ሥር ደብቃ ኬላ ላይ ተያዘች። ጦረኛው ሰይፉን ሊመዝ ሲል «ተው አቦ፣ እኔ ላናግረው» ብላ አስቆመችው። ኢፍሪቱ እኔ ነበርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከረችኝ። በመጨረሻ በግማሽ ቀረጥ ለቀቅኳት።