ሕጉ ፈረሰ፣ ስሜ ቀረ

ከዳላስ ወጣ ብሎ በሚገኝ የጦር መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ባንኮኒ ላይ መሥራት ከጀመርሁ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከእነዚህ ዓመታት ሁሉ እስካሁን የሚከነክነኝ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2024 የዋለው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ዕለት ፎርት ዎርዝ የሚያስችል አንድ የፌዴራል ዳኛ ብሬስ ስለሚባለው፣ ከሽጉጥ ኋላ ስለሚገጠመው የክንድ መደገፊያ፣ የወጣውን ደንብ ከነሥሩ ሰርዞት ነበር፤ በማግስቱ ዓርብ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ በባምፕ ስቶክ፣ ማለትም ጠመንጃ በፍጥነት ተከታትሎ እንዲተኩስ በሚያደርገው ዕቃ፣ ላይ የነበረውን እገዳ ሻረው። ሁለቱም ክሶች በጊዜው ዋና ዐቃቤ ሕግ በነበሩት በሜሪክ ጋርላንድ ስም ይጠሩ ስለነበር፣ ጠዋት ሱቁን የሞላው ደንበኛ ሁሉ «ጋርላንድ ተሸነፈ» እያለ እርስ በርሱ ይጨባበጥ ነበር። በዚህ መካከል የገቡት ጋሼ፣ ጋርላንድ ከተማ ለሃያ ዓመት የኖሩ ናቸውና፣ ኮፍያቸውን አውልቀው «ከማን ጋር ተጫውታ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን፣ ነገሩን ሲረዱ ምን እንደሚሉኝ ስለገመትሁ፣ ፊታቸውን ማየት አልፈለግሁም።

ጋሼ የጎጃም ሰው ናቸው፤ እዚህ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሱቃቸው ከተሰበረ በኋላ በ2021 ከእኛ የገዙት፣ በርሜሉ 10.5 ኢንች የሆነና ከኋላው ብሬስ የተገጠመለት ሽጉጥ ነበር። ብሬስ መጀመሪያ የታሰበው እጁ የተጎዳ የቀድሞ ወታደር በክንዱ ላይ አስሮ እንዲተኩስበት ነው፤ ይሁን እንጂ ትከሻ ላይ ሲያርፍ የሰደፍን ሥራ እንደሚሠራ የማያውቅ ሻጭም ሆነ ገዥ አልነበረም። የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ቢሮ፣ ኤቲኤፍ፣ በ2012 ፈቀደው፤ በ2015 ትከሻው ላይ ያስደገፈ ሰው አዲስ መሣሪያ እንደሠራ ይቆጠራል አለ፤ በ2017 ይህንኑ አለዘበው፤ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ብሬስ ያላቸውን አብዛኞቹን ሽጉጦች በ1934ቱ ሕግ ከሚመዘገቡት፣ በርሜላቸው ከ16 ኢንች ካጠረ ጠመንጃዎች ጋር ደመራቸው። እስከ ሜይ 31 ያስመዘገበ ሰው የ200 ዶላሩ ግብር ይቀርለታል፤ ካልፈለገ ብሬሱን ይነቅላል፣ ረጅም በርሜል ያስገጥማል፣ ወይም መሣሪያውን ያስረክባል ወይም ያጠፋል። ከእነዚህ አንዱንም ያላደረገ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ እስራት ይጠብቀዋል።

እኔ ይህን ደንብ ቃል በቃል አንብቤው ነበር፤ ማንበቤም፣ ሳልደብቅ ልናገርና፣ ያኮራኝ ነበር። ባልደረቦቼ ሲጠየቁ ትከሻቸውን ሲሰብቁ፣ እኔ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንቀጽ እየጠቀስሁ አስረዳ ነበር። ጋሼ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ልጄ፣ መሣሪያ የገባበት መዝገብ መጨረሻው መንጠቂያ ነው» አሉኝ፤ የአባታቸው ምንሽር በደርግ ጊዜ የሄደው ስማቸው ከመዝገብ ተጠርቶ መሆኑንም ጨመሩልኝ። እኔም፣ ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬን በሚያግለኝ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ ሕግ ሕግ ነው፤ ደግሞም ነፃ ነው» አልኋቸው። የሜይ ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከሥራ ሰዓት ውጭ ሁለት ሰዓት ያህል አብሬያቸው ተቀምጬ ቅጹን ሞላሁ፣ ፎቶግራፋቸውን አነሣሁ፣ ዐሥሩንም ጣቶቻቸውን ቀለም ነክሬ አሻራቸውን ካርዱ ላይ አሳረፍሁ።

ከዓመት በኋላ በዚያ ቅዳሜ ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ነገሩን በዝርዝር ካስረዳኋቸው በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ያን ጊዜ ሕግ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«አዎን ጋሼ፣ በጊዜው ይሠራ የነበረ ደንብ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ፈርሷል።»

«የኔ ስምስ?»

«ስምዎ እዚያው መዝገቡ ላይ ነው።»

«እንግዲያ ሕጉ ፈረሰ፣ ስሜ ቀረ በለኛ!» አሉና ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ የተናገሩት ግን ከጥንቱም የሚያውቁት ነገር እንደተፈጸመ ሰው፣ በሐዘኔታ ነበር፤ ሐዘኔታውም ለራሳቸው ሳይሆን ለኔ ይመስል ነበር። ባስመዘገቡበት ዓመት ውስጥ፣ ኦክላሆማ ወዳለችው ልጃቸው መሣሪያውን ይዘው ለመሄድ ሲያስቡ፣ ከክልል ወደ ክልል ለማጓጓዝ አስቀድሞ በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ መሆኑን የነገርኋቸውም እኔው ነበርሁ። ብሬሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ወርውሮ ዝም ያለው ጎረቤታቸው ግን አንድም ወረቀት አልሞላም።

ከኋላቸው ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ የቀድሞ ወታደር የባምፕ ስቶኩን ነገር አንሥቶ ነበር። በ2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ ከሆቴል መስኮት በኮንሰርት ታዳሚዎች ላይ ተተኩሶ 60 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ቀድሞ በራሱ በኤቲኤፍ ተፈቅዶ የነበረው ዕቃ በ2018 መጨረሻ መትረየስ ነው ተባለ፤ ባለቤቶቹም እስከ ማርች 26 ቀን 2019 ያለ አንዳች ካሣ እንዲያጠፉት ወይም እንዲያስረክቡት ታዘዙ። ይህ ሰው የራሱን በመጋዝ ቆርጦ ጥሎታል። ሁለት ባምፕ ስቶኮቹን አስረክቦ መንግሥትን የከሰሰውና የረታው የኦስቲኑ ነጋዴ ካርጊል ነበር። ወታደሩ ዕቃውን ከቶ አይወደውም፤ ጥይት ከመጨረስ በቀር ዒላማ አይመታም ይላል፤ መከልከሉንም አይጠላም። «ኮንግረስ ድምፅ ሰጥቶ ይከልክለው፣ ያኔ እኔም እቆርጠዋለሁ፤ ቢሮ በደብዳቤ ሲያደርገው ግን ነገ በሌላ ደብዳቤ እኔኑ ሞኝ ያደርገኛል» አለ። ብዙ ደንበኞቼ አሳባቸውን በዚህ ያህል ጥራት አይገልጹትም፤ በየዕለቱ ከምሰማው ማጉረምረም ውስጥ ግን አብዛኛው ተጨምቆ ሲወጣ ይኸው ነው። ጭራሹን ሕግ አይኑር የሚሉም አሉ፤ እነርሱ ግን ድምፃቸው ከቁጥራቸው ይበልጣል።

የሱቁ ኃላፊም በዚያው ቀን በድሉ ተደስቶ አንድ ነገር አመለጠው። በሜይ 2023 መገባደጃ ኒው ኦርሊንስ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡን ሲያግድ፣ እገዳው ለከሳሾቹ ብቻ ሳይሆን አብሮ ለከሰሰው ማኅበር አባላት ሁሉ እንዲያገለግል አድርጎ ነበር። ኃላፊያችን የአባልነት መዋጮውን ከፍሎ፣ የራሱን ብሬስ ሳይነካው፣ በሰላም ተኝቶ ከርሟል። እኔ በዚያው ሳምንት የጋሼን ጣቶች ቀለም እነክር ነበር፤ እርሱም በአጠገባችን እያለፈ «ጥሩ ሥራ ነው» ብሎኛል። በዚያው ሰሞን ባለ 16 ኢንቹን በርሜል ከመደርደሪያው እስኪያልቅ ድረስ የሸጠውም እርሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ባንኮኒው ላይ «ሠራተኞቻችን የሕግ ምክር አይሰጡም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። ጽሑፉ የተለጠፈው ልክ እኔ በምቆምበት ቦታ ትይዩ ነው። ትምህርቱ ገብቶኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ የሚጠይቀኝን ሁሉ በጣቴ ወደ ማስታወቂያው አመለክተዋለሁ፤ ቢያንስ ለኃላፊው የምነግረው እንደዚያ ነው።

በ2026 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ጋሼ ተመልሰው መጡ። በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ከ1934 ጀምሮ ሳይነካ የኖረውን 200 ዶላር ለድምፅ ማፈኛና ለአጭር ጠመንጃ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 አንሥቶ ወደ ዜሮ ስላወረደው፣ ሱቁ በድምፅ ማፈኛ ፈላጊ ተጨናንቆ ነበር። ኦክላሆማ ያለው አማቻቸው የዱር አሳማ ሲያድን አብረውት እየዋሉ ጆሯቸው መጮህ ጀምሯል።

«ነፃ ሆኗል አሉ» አሉኝ።

«ግብሩ ነው ጋሼ። ምዝገባው፣ ፎቶው፣ አሻራው እንዳለ ነው። ይህኛው ደግሞ የቢሮ ደንብ ሳይሆን ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ነው» አልኋቸው። ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ኃላፊው ከወዲያኛው ጥግ ማስታወቂያውን በዓይኑ ጠቀሰኝ።

«አንተ ነፃ ስትለኝ ሁለተኛህ ነው» አሉ ጋሼ፤ ከዚያም እጅጌያቸውን ሰብስበው ዐሥር ጣቶቻቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ።