ቅያስ የበዛበት አገር፦ የፈረንሳይ የወይን ኮረብታዎች በብስክሌት

ሱሉልታ የሚኖር ብስክሌተኛ በዳገት አይታማም። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ሰንሰለት መሻገር ሳምባን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቀዋልና፣ ጫፉ 484 ሜትር ብቻ የሆነ ኮረብታ እወጣለሁ ብሎ ፈረንሳይ ድረስ ሲሄድ ወዳጆቹ ቢስቁበት አይገርምም። ሞን ብሩዪ የሚባለው ይህ ኮረብታ ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን በቦዦሌ የወይን አገር ብቻውን የቆመ ጉብታ ሲሆን፣ ጫፉ ከቤቴ ደጃፍ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ባለፈው መስከረም ሄጄ ነድቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ዳገቱን ለማሞገስ አይደለም፤ እዚያ ለብስክሌተኛ የተመቸው የመንገዱ ብዛት ነው። መንገዱ ደግሞ ያን ያህል የበዛው ለብስክሌት ታስቦ ሳይሆን በመሬት ይዞታውና በወይን አለቃቀሙ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአዲስ አበባ የሚወጡት ዋና ዋና መንገዶች አምስት ናቸው፤ የጎጃም፣ የደሴ፣ የቢሾፍቱ፣ የጅማና የአምቦ። በአስፋልት ላይ ረጅም መንዳት የሚሻ ሰው ከአምስቱ አንዱን መርጦ ይወጣል፤ በሄደበትም ይመለሳል። እኛም ማለዳ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ ስንነዳ መንገዱን ሲሚንቶ ከጫኑ ተሳቢዎች፣ ከሚኒባሶች፣ ከአህዮችና ልምምድ ከሚሠሩ ሯጮች ጋር እንጋራዋለን። ከአንዱ በር ወደ ሌላው በጎን ልሻገር ቢሉ የሚገኘው መንገድ ወይ ኮረኮንች ነው፣ ወይ ክረምት የሚቆርጠው ነው፣ ወይም ዞሮ ዞሮ መሀል ከተማ የሚያስገባ ነው። የቡድናችን አንጋፋ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ አዲስ ልጅ በተቀላቀለን ቁጥር የሚሰጡት ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ልጄ፣ ዳገቱ አይገድልህም፤ ከኋላህ የሚመጣውን ስማ።»

ቦዦሌ ውስጥ ግን እያንዳንዱ መንደር ከጎረቤቶቹ ሁሉ ጋር በጠባብ አስፋልት የተያያዘ ነው። አንድ መገንጠያ ላይ ሦስትና አራት ቅያስ ይገኛል፤ በአንዱ ቢሄዱ በሌላው መመለስ ይቻላል፤ ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች የሳዖን ወንዝን ተከትሎ በሜዳው ላይ ወደ ተዘረጋው አውራ ጎዳና ስለሚያዘነብሉ ኮረብታው ለትራክተርና ለብስክሌት ይቀራል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1836 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ የመንደር መንገዶችን መጠገን የየአካባቢው አስተዳደር ግዴታ እንዲሆን ከማድረጉም በላይ፣ ነዋሪው በዓመት እስከ ሦስት ቀን በጉልበቱ እንዲሠራ ወይም ተመኑን በገንዘብ እንዲከፍል ደንግጓል። የዛሬው ቅያስ አብዛኛው መሠረቱ የገበሬው አካፋ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛውና የበለጠ የሚመስጠኝ ምክንያት የመሬቱ መቆራረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስ ለልጆች እኩል እንዲከፈል ስላዘዘ የወይን ማሳው በየትውልዱ እየተሸነሸነ ሄደ። ከቦዦሌ በስተሰሜን፣ በቡርጎኝ፣ ክሎ ደ ቩዦ የሚባለው በግንብ የታጠረ ዝነኛ ማሳ ስፋቱ 50 ሄክታር ያህል ሆኖ ሳለ ባለቤቶቹ ወደ 80 ይጠጋሉ። የርስት ክርክር ሲሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሰማንያ ሰው ወደየድርሻው መድረስ ካለበት መንገድ የግድ ይበዛል፤ ወይኑም በአብዛኛው በእጅ የሚለቀምና ሳይፈርጥ ቶሎ ወደ መጥመቂያ መድረስ ያለበት በመሆኑ መንገዱ እስከ ማሳው አፍ ድረስ ደህና መሆን አለበት።

የነዳሁበትን መሥመር እነሆ። ብስክሌት ይዞ ከሊዮን በአካባቢ ባቡር እስከ ቤልቪል መሄድ ይቻላል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ወደ ቪሌ-ሞርጎን፣ ቀጥሎ በስተሰሜን ወደ ፍለሪ፣ ከፍለሪ ወደ ሽሩብል እየወጡ፣ ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የፉ ዳቨና መተላለፊያ ተሻግረው፣ ለአገሩ ስሙን ወደ ሰጠችው ወደ ቦዡ ከተማ ይወርዳሉ፤ በመመለሻው ላይ ሞን ብሩዪን ጨምሮ እንደገና ቤልቪል መግባት ነው። ከፍለሪ ጀምሮ ያለው አፈር ወደ ሮዝ ያደላ የግራናይት ፍርካሽ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ዘግነው ቢያዩት እንደ ደቃቅ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። ጋሜ የተባለው የወይን ዝርያ በዚህ ደካማ አፈር ላይ ይስማማዋል። አሮጌዎቹ ተክሎች ሽቦ ላይ አልተሰቀሉም፤ ከጉልበት የማይበልጥ ጠማማ ጉቶ ሆነው ቅርንጫፎቻቸውን ወደ ላይ ከፍተው ለየብቻ ይቆማሉ። ይህን ጉቶ አጎንብሶ ቀኑን ሙሉ የሚለቅም ሰው የወገቡ ነገር ምን እንደሚሆን በኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊናገር አይገባውም። ከሽሩብል በላይ ወይኑ አልቆ ደን ይጀምራል፤ ዳገቱም እዚያ ለከት ይዞ ረዘም ይላል፤ ትንፋሽ እየመጠኑ የሚወጡት ዓይነት ነው።

ሞን ብሩዪ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ርዝመቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን አማካዩ ከ7 በመቶ በላይ ስለሆነ ፋታ አይሰጥም። ጫፉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ወይኑን የሻጋታ በሽታ ሲፈጀው አምራቾቹ ከመቅሠፍቱ ትጠብቀን ብለው ለእመቤታችን ያሠሯት ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። የእንጦጦ ማርያምን የተሳለመ ሰው ለምን ጫፍ ላይ እንደተሠራች አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 የፓሪስ–ኒስ ውድድር በተናጠል ሰዓት የሚያዝበት ክፍል ከቦዡ ተነሥቶ እዚሁ ጫፍ ላይ አብቅቷል፤ ያሸነፈውም ፈረንሳዊው ዡልያን አላፊሊፕ ነበር።

ትልቁ ውድድር ቱር ደ ፍራንስም የወይን አገሩን አይዘለውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሰባተኛው ቀን ከኑይ ሳን ዦርዥ እስከ ዠቭሬ ሻምበርተን በቡርጎኝ ማሳዎች መካከል የተዘረጋ 25.3 ኪሎ ሜትር የተናጠል ውድድር ሲሆን፣ ቤልጂጋዊው ሬምኮ ኤቨንፑል አሸንፎበታል። ያ ዓመት ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ሦስት የቀን ውድድሮች አሸንፎ በነጥብ ለሚበልጠው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ የወሰደበት በመሆኑ በእኛም ሰፈር ቱሩ በቡና ቤት ቴሌቪዥን ታይቷል። የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በዚህ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያን ስም ያስጠራው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ልካ እንደነበር ግን ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አይመስለኝም።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ልበል። ሱሉልታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። ከዚህ ወደ ቦዦሌ የወረደ ሰው ዳገት ላይ ሳምባው ሳይጨነቅ እግሩ ቀድሞ ይደክማል፤ ደጋ ላይ የበዛው ቀይ የደም ሕዋስም ለተወሰኑ ሳምንታት ስለሚቆይለት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስኮራሉ። ሜዳው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ወፍራም ስለሆነ ደረትን ይገፋል፤ ሰንዳፋ መንገድ ላይ የለመደውን ፍጥነት በዚያው ጉልበት ላግኝ የሚል ሰው አይሳካለትም።

የመንገድ ሥርዓቱንም ልጥቀስ። በፈረንሳይ ሕግ መኪና ብስክሌትን ሲቀድም በከተማ ውስጥ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፤ እኔ ባየሁት መጠን አብዛኛው አሽከርካሪ ያከብረዋል። በአንጻሩ የአልኮል ገደቡ፣ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም፣ ብስክሌተኛውንም ይመለከታል። ስለዚህ በየመጥመቂያው ደጃፍ የሚቀርበውን ቅምሻ እንደ ባለሙያዎቹ ቀምሶ መትፋት፣ ወይም ለማታ ማቆየት ነው። በለቀማ ወቅት ደግሞ በወይን ረድፍ ላይ ተንፈራጥጠው የሚያልፉት ረጃጅም ትራክተሮች ከማሳ ሲወጡ ጭቃ ይዘው አስፋልቱ ላይ ስለሚያራግፉት፣ በተለይ ዝናብ ካካፋ በኋላ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቀደም ብሎ መያዝ ይበጃል።

ወደ አገሬ ይዤው የመጣሁት ሐሳብ ግን ከዳገት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በቡርጎኝ ከዢቭሪ የወይን መንደር እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ አለ፤ ባቡር በተወው ሐዲድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ ነው። ባቡር ስለታም ዳገት አይችልምና መንገዱ ልጅም አዛውንትም የሚነዳው ሆኗል። እኛም እኮ የተተወ ሐዲድ አለን፤ ያውም ፈረንሳዮች የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የጅቡቲ መሥመር በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል የሚወርድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በራሱ ሐዲድ ስለሚሄድ ይህኛው በየቦታው ሣር በቅሎበት በግ ይሰማራበታል። ለሐዲዱ የተደለደለው መሬት፣ የተቆረጠው ጉብታና የተሠራው ድልድይ ትልቁን ወጪ አስቀድሞ የሸፈነ ነው። ቤትና ሱቅ የተሠራበት ክፍል መኖሩን አልዘነጋሁትም፤ እዚያ ላይ መዞር ይኖራል። ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው ብቻ ተጠቅጥቆ ጠጠር ቢለብስና የውኃ መውረጃው ቢጸዳ፣ ከእኛ ከቅዳሜና እሑድ ነጂዎች ይልቅ በየማለዳው በዋናው መንገድ ጠርዝ ላይ ከተሳቢ ጋር እየተጋፋ ወደ ፋብሪካ በብስክሌት የሚሄደው ሠራተኛ ይጠቀምበት ነበር።