የደረጃ ጨዋታ በራንቺ

ወደ ሕንዷ ከተማ ራንቺ የሄድኩት የሴቶች የሜዳ ሆኪ ለማየት ነው። ዴልሂ የምንማር ሐበሾች የገናን በዓል አብረን ባሳለፍን ሰሞን፣ የክፍል ጓደኛዬ «የፓሪስ ኦሎምፒክ ማጣሪያ እኛ ከተማ ሊደረግ ነው፤ ከመጣሽ እኛ ቤት ታርፊያለሽ» አለችኝ። ውድድሩ ከጥር 4 እስከ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚካሄድ ነበር። ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልኩ።

ባቡሩ የሚነሣው ማታ ነው። የጥር ጭጋግ ደግሞ በሰሜን ሕንድ ባቡር አያስኬድም። ሌሊቱን ስንሄድ ስንቆም አድረን ራንቺ የገባነው ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከተማዋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ጠዋትና ማታ ይበርዳል። የጓደኛዬ እናት ገና ከበር ላይ ሲያዩኝ «ልጄ፣ ስስ ልብስ ነው የለበስሽው» ብለው የራሳቸውን ጋቢ የሚያህል ሻል ደረቡልኝ። እኔም እንደ አገሩ ወግ «አንቲ» እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ጠዋት ጠዋት ዱስካ ይሠሩልን ነበር። ሩዝና ክክ አብሮ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ከድንች ወጥ ጋር ትኩሱን ሲበሉት ብርዱ ይረሳል።

ማጣሪያው ለምን ያን ያህል እንደሚያስጨንቅ ልንገራችሁ። በኦሎምፒክ የሴቶች ሆኪ የሚሳተፉት 12 አገሮች ብቻ ናቸው። ፈረንሳይ አዘጋጅ ስለሆነች ቦታዋን ያዘች። አምስቱን ቦታ የየአህጉሩ አሸናፊዎች ወሰዱ፤ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የቀረው ስድስት ቦታ ነው። ሦስቱ በስፔን ቫሌንሲያ፣ ሦስቱ በራንቺ። ራንቺ የመጡት ደግሞ ስምንት ቡድኖች ናቸው፦ ጀርመን፣ ሕንድ፣ ኒውዚላንድ፣ ጃፓን፣ ቺሊ፣ አሜሪካ፣ ጣሊያንና ቼክ። ሦስቱ ፓሪስ ይሄዳሉ፣ አምስቱ ወደ ቤታቸው። የአራት ዓመት ልፋት በአንድ ሳምንት ይቆረጣል።

በነገራችን ላይ የሴቶች ሆኪ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ነው። ያኔ የመጀመሪያውን ወርቅ የወሰደችው ዚምባብዌ ነበረች። ብዙ አገሮች አድመው ከውድድሩ ስለቀሩ በመጨረሻ ሰዓት ተጠርታ ነው የሄደችው። ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣበት ኦሎምፒክ ማለት ነው። አፍሪካ በዚያ ዓመት በሆኪም ወርቅ እንዳገኘች የሚያስታውስ ሰው ግን ብዙም አላገኘሁም።

ስታዲየሙ የተሰየመው በጃይፓል ሲንግ ሙንዳ ነው። የዚሁ አካባቢ የሙንዳ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው። ኦክስፎርድ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1928 አምስተርዳም ላይ ወርቅ ያገኘው የሕንድ ሆኪ ቡድን አምበል ሆኑ። ኋላም የሕንድ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ለነባር ሕዝቦች መብት የተከራከሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሕዝቡ «ማራንግ ጎምኬ» ይላቸዋል፤ ታላቁ መሪ እንደ ማለት ነው።

ራንቺ ዋና ከተማው የሆነችው የጃርክሃንድ ክልል የሆኪ አገር ነው። በተለይ የሲምዴጋ አውራጃ። እዚያ መንደር ለመንደር የሆኪ ግጥሚያ አለ፤ ሽልማቱም ፍየል ነው። አዎ፣ ያሸነፈው ቡድን ፍየሉን ይዞ ይሄዳል፣ አርዶ ይበላል። ሕፃናቱ የሚጀምሩት ከቀርከሃ በተሠራ ዱላ ነው። የሕንድ ብሔራዊ ቡድን አማካይ ሳሊማ ቴቴና አጥቂዋ ሳንጊታ ኩማሪ ከሲምዴጋ የወጡ ናቸው። ተከላካይዋ ኒኪ ፕራድሃን ደግሞ ከጎረቤቱ ከኩንቲ ናት፤ ከጃርክሃንድ ሴቶች ኦሎምፒክ ላይ የተጫወተች የመጀመሪያዋ። ስለዚህ ራንቺ ላይ ሕዝቡ የሚደግፈው ልጆቹን ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ከኩንቲ በአውቶቡስ እንደመጡ ነገሩኝ። የጨዋታውን ሕግ ከእኔ አሥር እጥፍ ያውቃሉ።

ጨዋታው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቆልማማ ዱላ፣ ጠንካራ ኳስ፣ ግፊያና ሩጫ፤ የገና ጨዋታችን ነው። ልዩነቱ ሕጉ ላይ ነው። በአንድ ወገን 11 ተጫዋች፣ አራት ጊዜ 15 ደቂቃ። ኳስ የሚመታው በዱላው ጠፍጣፋ ጎን ብቻ ነው። እግር መንካት የለበትም። ጎል የሚቆጠረውም ከግቡ ፊት ካለው ግማሽ ክብ ውስጥ ከተመታ ብቻ ነው። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ስለሆነ ከጨዋታው በፊት በውሃ ያርሱታል። ሠልጣኝ ልጆች መስመር ዳር ቆመው ፍንጣሪው ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ይሳሳቃሉ። ከዚያ ኳሷ እርጥቡ ላይ ስትበር ከኋላዋ ነጭ የውሃ ጭራ ትጎትታለች። ቴሌቪዥን ይሄን አያሳይም።

የመጀመሪያው ቀን ልብ ሰበረን። ሕንድ በአሜሪካ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ጎሏን ያስቆጠረችው አቢጌይል ታመር ናት። ነገሩ ቂም አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሕንዷ ቡባኔሽዋር ከተማ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማጣሪያ ሲጫወቱ ሕንድ መጀመሪያ 5 ለ 1 አሸንፋ ነበር። በማግስቱ አሜሪካኖች ገና በመጀመሪያው አጋማሽ 4 ለ 0 መርተው ሁሉንም ነገር ወደ ዜሮ መለሱት። ያኔ አምበሏ ራኒ ራምፓል አንድ ጎል አግብታ ሕንድን በድምር 6 ለ 5 አሳለፈች። ያ ሽንፈት እስከ ራንቺ ድረስ አሜሪካኖቹ ልብ ውስጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አጨዋወታቸው ይናገራል።

ሕንድ ግን ቶሎ ተነሣች። ኒውዚላንድን 3 ለ 1፣ ጣሊያንን 5 ለ 1 ረታች። ግማሽ ፍጻሜ ገባን። «ገባን» አልኩ አይደል? እስከዚያ ድረስ ተጠቃልዬ ራንቺ ሆኛለሁ።

ግማሽ ፍጻሜው ከጀርመን ጋር ነበር። የዚያን ምሽት ዲፒካ በ15ኛው ደቂቃ ስታገባ ስታዲየሙ ተናጋ። ቻርሎተ ሽታፐንሆርስት በ27ኛው አቻ አደረገች። ከዚያ ረጅም ትግል። ፔናሊቲ ኮርነር፣ ማለትም ከግቡ ጎን ካለው መስመር ለአጥቂዎች የሚሰጥ ቅጣት ምት፣ በተሰጠ ቁጥር ተከላካዮቹ ከግቡ ጎን የተቀመጠውን የፊት መከላከያ ጭምብል አንሥተው በጥድፊያ ያጠልቃሉ። አራት ሆነው ከበረኛዋ ጋር የጎል መስመሩ ላይ ይሰለፋሉ። ኳሷ እንደተገፋች በቀጥታ ወደሚመታባቸው ዱላ ይሮጣሉ። ድፍረታቸው ያስደነግጣል። ያች ኳስ እኮ ድንጋይ ናት። አደጋው ሲያልፍ ጭምብሉን እየሮጡ አውልቀው ይወረውሩታል።

በ57ኛው ደቂቃ ሽታፐንሆርስት ደገመች። አለቀ ስንል፣ ኢሺካ ቾድሪ በ59ኛው 2 ለ 2 አደረገችው። አሮጊቷ እጄን ጨምድደው ያዙኝ። ከዚያ በኋላ የተለየው የሆኪ ፍጹም ቅጣት መጣ። ቆሞ መምታት የለም። አጥቂዋ ከሩቅ ኳስ እየነዳች በረኛዋን በ8 ሰከንድ ውስጥ አታልላ ማግባት አለባት። በረኛዋ ሳቪታ፣ የቡድኑም አምበል፣ ደጋግማ እየወጣች ተጋፈጠች። ጀርመን 4 ለ 3 አሸነፈች። በሌላው ጨዋታ አሜሪካ ጃፓንን 2 ለ 1 ረትታ ነበር። እናም ጀርመንና አሜሪካ ፓሪስ ገቡ። አንዲት ቦታ ቀረች።

በማግስቱ ከተራ ነበር። አገር ቤት ታቦት ሲወጣ፣ እዚህ ሕንድና ጃፓን ለሦስተኛ ደረጃ ሊጫወቱ ነው። በሌላ ውድድር የደረጃ ጨዋታን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ሰው ግማሽ ፍጻሜ ላይ ልቡ ተሰብሮ የመጣ ነው፣ እግሩን እየጎተተ ይጫወታል። ማጣሪያ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፍጻሜው ለዋንጫ ክብር ብቻ ነው። የሞት ሽረቱ ፍልሚያ የደረጃው ጨዋታ ነው። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የስፖርት ግጥሚያዎች ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

በ6ኛው ደቂቃ የጃፓኗ ካና ኡራታ በፔናሊቲ ኮርነር አገባች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ የሕንድ ነበር ማለት ይቻላል። ልጆቹ ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ፔናሊቲ ኮርነር ያገኛሉ፣ ያመክኑታል። እንደገና ያገኛሉ፣ እንደገና ይመክናል። ሳሊማ መሐል ሜዳውን እየሰነጠቀች ስትሮጥ የሰው ጩኸት ጆሮ ይደፍናል፤ ግቡ ፊት ስትደርስ የጃፓን ዱላዎች እንደ አጥር ይዘጉባታል። ጃፓኖቹ አይጮኹም፣ አይጨቃጨቁም። ሁለት ሆነው ይገጥሙና ኳሷን ነጥቀው ያወጣሉ። እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ እንዲሁ ቆዩ። 1 ለ 0።

የሕንድ ተጫዋቾች ሣሩ ላይ ወደቁ። ቶኪዮ ላይ አራተኛ ሆነው ነሐስ በአንድ ጎል ያመለጣቸው ልጆች ናቸው። አሁን ደግሞ እዚሁ አገራቸው ላይ አራተኛ። ከኩንቲ የመጡት አሮጊት በኮረብታው ሕዝብ ቋንቋ አንድ ነገር አሉ። ጓደኛዬ ተረጎመችልኝ፤ «ልጆቼ ደክሟቸዋል፣ ውሃ ስጧቸው» ነው ያሉት።

ፍጻሜውን ጀርመን 2 ለ 0 አሸነፈች። አብዛኛው ሰው ወጥቶ ነበር። እኔ ቀረሁ፣ ምክንያቱም አሜሪካኖቹም ደስታቸውን የሚያይላቸው ሰው ይገባቸዋል። ከቶኪዮ ኦሎምፒክ የቀሩት እነሱ ነበሩ።

ከወራት በኋላ ሳሊማ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆነች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የእስያ ሻምፒዮኖች ዋንጫ በጎረቤት ቢሃር ክልል፣ ራጅጊር ላይ ሲካሄድ፣ ሕንድ የፓሪስ ብር ሜዳሊያ ባለቤት ቻይናን በፍጻሜው 1 ለ 0 አሸነፈች። ጎሏን ያገባችው ዲፒካ ናት። ፈተና ስለነበረብን መሄድ አልቻልንም፤ ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ስልክ ነው ያየነው። አንቲ ወዲያው ደውለው አለቀሱልን። ሲምዴጋን ግን እስካሁን አላየሁም። የፍየሉ ውድድር ሲደርስ ይዣችሁ እሄዳለሁ ብለውናል።