ራኬቱን ያስቀመጠው ሰው

ዱባይ፣ ሐሙስ ማታ

ዛሬም የመጨረሻዎቹ ተጫዋቾች ከወጡ በኋላ የስኳሹን ሜዳ ግድግዳ ሳጸዳ አመሸሁ። ስኳሽ ሁለት ሰዎች በዝግ ክፍል ውስጥ ኳስ በራኬት ግድግዳ ላይ እየመቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ኳሷ ትንሽ ጥቁር ጎማ ናት፤ ነጩ ግድግዳ ላይ ባረፈች ቁጥር ምልክት ትተዋለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲያሹት ይለቃል። ሁለት ዓመት ስጠርግ ጨዋታውን የተማርኩት ከእነዚያ ምልክቶች ነው። ጀማሪ የዋለበት ቀን የፊቱ ግድግዳ መሀል ለመሀል ይጠቁራል። ጎበዝ የዋለበት ቀን ግን ጥጋጥጉ፣ ኳስ ከነካው ነጥብ ከሚያስጥለው የታችኛው ቆርቆሮ ትንሽ ከፍ ብሎ።

አሠልጣኙ የፓኪስታኗ ፔሻዋር ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ይወዳደሩ ነበር፤ አሁን ልጆች ያሠለጥናሉ። እኔን «ቤቲ» ይሉኛል። ስሜን የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በኡርዱ «ልጄ» ማለት ነው።

ዛሬ ስለ ራህማት ካን አጫወቱኝ። የፓኪስታናዊውን የስኳሽ ተጫዋች የጃሀንጊር ካንን ስም እዚህ የማያውቅ የለም፤ ራህማትን ግን እኔም ሰምቼ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጃሀንጊር ገና በ15 ዓመቱ የዓለም አማተር ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ታላቅ ወንድሙ ቶርሳም አውስትራሊያ ውስጥ ሲጫወት ሜዳ ላይ ወድቆ ሞተ። ልጁ ስኳሽን ጨርሶ ሊተው ነበር። ያኔ የአጎቱ ልጅ ራህማት፣ ራሱ ፕሮፌሽናል ተጫዋች የሆነው፣ የራሱን ውድድር ትቶ ለንደን ላይ ልጁን ማሠልጠን ጀመረ።

በ1981 ጃሀንጊር ቶሮንቶ ላይ ጄፍ ሀንትን ረታ፤ በ17 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን። በ1986 ቱሉዝ ላይ ሮስ ኖርማን እስኪጥለው ድረስ ዓመታት ሙሉ የሚያሸንፈው ጠፋ። አሠልጣኙ ግን ደጋግመው የሚያወሩት የ1983ቱን ነው፦ ቺቸስተር ላይ ከግብፃዊው ጋማል አዋድ ጋር 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ። የመጀመሪያው ጌም (የግጥሚያው አንድ ዙር) ብቻ 1 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ፤ ያንንም ጃሀንጊር ተሸነፈ። ከዚያ ሦስቱን ተከታታይ ወሰደ። «ያን ትንፋሽ ማን ሰጠው?» አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ራህማትስ አልቆጨውም?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ኳሷን በመዳፋቸው እያሹ ሲያሞቁ ቆዩ፤ ቀዝቃዛ ኳስ አትነጥርም።

ቤት ከገባሁም ጥያቄው አልተወኝም። እኔ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩት ታናሽ ወንድሜ እንዲማር ነው፤ ዘንድሮ ባሕር ዳር ሦስተኛ ዓመት ገባ። ደስታዬ ልክ የለውም። ግን ደብተር የያዘች ሴት ባየሁ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ራህማትም ቆጭቶት ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ቢቆጨውም ያደረገው አያንስብኝም።

ቅዳሜ ብር እልክለታለሁ። ስደውል ስለ ፈተናው ከመጠየቄ በፊት ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ። ስለ ራሴ የማወራ ይመስለው ይሆናል። ይምሰለው።