ድንኳን ሰባሪው ባለታክሲ

ሎስ አንጀለስ ታክሲ ስነዳ የገጠመኝ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የጫንኳቸው ሽማግሌ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጥቁር ዘርፍ የተንጠለጠለበት ቀይ ቆብ ደፍተዋል። ምን እንደሚባል ስጠይቃቸው «ፌዝ» አሉኝ። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የሚሄዱት የድሮዎቹ የፊልም ቀልደኞች የሎሬልና ሃርዲ አድናቂዎች ማኅበር ወዳዘጋጀው ዓመታዊ ራት ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውዮርክ ሲመሠረት ስሙን የወሰደው ከ1933ቱ ፊልማቸው ነው፤ «የበረሃ ልጆች» ይባላል። እኔ የበረሃ ልጅ ሲባል የሚመጡብኝ በሱዳን በኩል የወጡት ጓደኞቼ ናቸው፤ ዝም አልኩ። ቅርንጫፎቹን ደግሞ «ድንኳን» ይሏቸዋል።

ስንደርስ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። «ውጭ ከምትጠብቀኝ ቁጭ በል» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ብግደረደርም ሰሚ አላገኘሁም። አገሬ ላይ እንኳ ያልሆንኩትን ድንኳን ሰባሪ አሜሪካ መጥቼ ሆንኩት።

ደንባቸው ሹማምንቱ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ፣ ሥልጣን ግን ጨርሶ አይኑራቸው ይላል። (የኛ ማኅበር ሊቀመንበሮች ይህን ቢሰሙ!) የራቱም ሥነ ሥርዓት እዚያው ተጽፏል፦ መጠጥ፣ ስብሰባ ከመጠጥ ጋር፣ ራት ከመጠጥ ጋር፣ ቡናም ከመጠጥ ጋር። እኔ ጾመኛውም ሾፌሩም በዳቦና ሰላጣ፣ በለስላሳ ተወጣሁት።

ከዚያ መብራቱ ጠፋና በ1932 ተሠርቶ ኦስካር ያገኘው አጭር ፊልማቸው ተከፈተ። ሁለቱ ፒያኖ ይዘው ረጅም ደረጃ ይወጣሉ። ደረጃው ዛሬም ሲልቨር ሌክ ሰፈር አለ፤ 133 እርከን ነው፣ በሥሩ ስንቴ ነድቻለሁ። ፒያኖው አምልጧቸው ቁልቁል ሲንከባለል ሰዉ ሳቀ፣ እኔ ጮህኩ። እዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራዬ ዕቃ ማጓጓዝ ነበር። አንድ ጎንደሬ ልጅ ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ፍሪጅ ስናወጣ ስልኩ ጮኸ፤ ልጁ ሳያስበው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ፍሪጁ እኔን ይዞ ወረደ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አልቅሼ ነበር። አሁን ግን ሆዴን ይዤ ስንፈራፈር ጠረጴዛው ሁሉ ፊልሙን ትቶ እኔን ያያል።

«ሎሬልም እንዳንተ ስደተኛ ነበር» አሉኝ ሽማግሌው፣ ጎንበስ ብለው። በ1910 ከእንግሊዝ ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በአንድ መርከብ ሲመጣ የቻፕሊን ተጠባባቂ ነበር። ተጠባባቂነትን ለታክሲ ነጂ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሥነ ሥርዓቱን መጨረሻ ያወጣው ሎሬል ራሱ ነው አሉ፦ ግመላችሁን አቁማችሁ ታክሲ ጥሩ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ አንድ ጨምሩ የሚል ነው። ይህ ሲነበብ ሽማግሌው ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ፤ አዳራሹ ሁሉ ዞረና በጭብጨባ አናወጠው።

ስወጣ አራት ሰው ተከትሎኝ መኪናው ውስጥ ተሳፈረ። በመስታወት ወደ ኋላ ባይ ባይ መንገድ የለም፤ የሚታየኝ ፌዝ ብቻ ነው።