«ኩላሊቴ ነው» እያልኩ ያለፉት ሰባት ወራት

ሕመሙ የጀመረኝ በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ያኔ 27 ዓመቴ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በዚያ ወር ከወንበሬ የምነሣው ለምሳና ወደ ቤት ለመሄድ ብቻ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ከቢሯችን ሁለት ፎቅ ወደ ታች በመሆኑ ሽንቴ ሲመጣ «ይህን ገጽ ልጨርስ» እያልኩ እይዘዋለሁ፤ ቶሎ ቶሎ እንዳይመጣብኝም ውሃ መጠጣት ትቼ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሌሊቱን ነቅቼ ለመሥራት ከባልደረቦቼ ጋር ጫት መቃም ጀመርኩ። ሒሳቡ በተዘጋ በማግሥቱ ልሸና ብቆምም ሽንቴ ቶሎ አልወርድ አለኝ፤ ከወረደ በኋላም ያልጨረስኩ ያህል ስሜት ቀረብኝ፤ በዘር ፍሬና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቦታ ላይም ጠጠር ላይ የተቀመጥኩ ያህል የሚያስጨንቅ ሕመም ይሰማኝ ነበር።

ይህን ሕመም ለሰባት ወራት ያህል በትክክለኛ ቦታው ለማንም አልተናገርኩም። ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ «ኩላሊቴን ያመኛል» አልኩ፤ ለእጮኛዬ «ጨጓራዬ ነው» አልኩ፤ ለእናቴ ደግሞ «ብርድ መትቶኝ ነው» ስላት ተልባ አፍልታ አጠጣችኝ። በእኛ ዘንድ «ኩላሊት» ከወገብ በታች ያለውን ሁሉ ሳያሳፍር የሚሸፍን ቃል ነው። እኔን ግን ይህ ቃል ብዙ አስከፍሎኛል፤ ምክንያቱም የሚረዳኝ ሰው ሁሉ የተናገርኩትን ሰምቶ የረዳኝ ያልታመመውን አካሌን ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት መድኃኒት ቤት ምንም ምርመራ ሳያዝ ለ5 ቀናት የሚዋጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሕመሙ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሌላ መድኃኒት ቤት፣ ከዚያም ሌላ እያልኩ፣ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን እያፈራረቅሁ አምስት ዙር ወሰድኩ። በየጊዜው ትንሽ ስለሚሻለኝ «ጀርሙ አልሞተልኝም እንጂ መድኃኒቱስ ይሠራል» ብዬ አምን ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ግን ይህ በሽታ በራሱ የሚነሣና የሚበርድ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶችም ባክቴሪያ ባይኖር እንኳ የአካልን መቆጣት በመጠኑ የማብረድ ባሕርይ ስላላቸው፣ የተሰማኝ መሻሻል ጀርም ስለመኖሩ ማስረጃ አልነበረም። በአራተኛው ዙር ላይ የተረከዜ ጅማት ታምሞ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲፕሮ የሚገኝበት የመድኃኒት ክፍል ጅማት ሊያቆስልና ሊበጥስ እንደሚችል በጉልህ እንዲጻፍበት ማዘዙን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ሰው ያለ ትእዛዝ መድኃኒት ሲገዛ እንዲህ ያለውን ነገር የሚነግረው አያገኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከሁሉ የከፋው ጊዜ በታኅሣሥ ወር የመጣው ነው። አጎቴ በ71 ዓመቱ ፕሮስቴት በተባለው፣ ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከብቦ በሚገኘው የወንዶች ዕጢ ማደግ ምክንያት ሽንቱ ተዘግቶበት ለወራት ቱቦ ተደርጎለት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። እሱን ያስታመምኩት እኔ ስለነበርኩ «ፕሮስቴት» የሚለውን ቃል ስሰማ በዓይኔ የሚመጣብኝ ያ የሽንት ከረጢት ነው። ስለዚህ ማንንም ሳላማክር ወደ አንድ ላቦራቶሪ ሄጄ ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለውን፣ ከፕሮስቴት የሚወጣ ፕሮቲን የሚለካበትን የደም ምርመራ በራሴ ወጪ አስደረግሁ። ውጤቱ 4.6 ሆነ፤ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ከ4 በታች» የሚል ጽሑፍ ነበር። ለአሥራ አንድ ሌሊት ያህል ካንሰር እንደያዘኝ አምኜ፣ ለሠርጋችን የተያዘውን ቀን እንዴት እንደምሰርዘው ሳስብ አደርኩ።

በመጨረሻ ነገሩን ያወቀው ታላቅ ወንድሜ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ወንበር ላይ በአንድ ጎኔ ብቻ መቀመጤን አይቶ «አንተ፣ ምን ሆነህ ነው? እውነቱን ንገረኝ» አለኝ። አፌ እምቢ ስላለኝ «ጋሼ፣ ጽፌ ልስጥህ?» አልኩት። ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፍኩለት፤ የት እንደሚያመኝ፣ መቼ እንደጀመረኝ፣ ምን ምን እንደወሰድኩ። እሱም አንብቦ ሲያበቃ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና «ይህንኑ ለሐኪም ትሰጣለህ» አለኝ። በጥር 2015 ዓ.ም. ዩሮሎጂስት (የሽንት አካላት ሐኪም) ዘንድ ስቀርብ የሰጠሁት ያንኑ ወረቀት ነው፤ ሐኪሙም «ከታካሚ እንዲህ ያለ ታሪክ ማግኘት ከግማሽ ምርመራ በላይ ነው» አለኝ።

ጥያቄዎቹ ብዙ ነበሩ። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት እንደነበረኝ፣ በሽንቴ ደም አይቼ እንደማውቅ፣ ከጨብጥ ጋር የሚመሳሰል ፈሳሽ ወጥቶኝ እንደሆነ፣ በቤተሰቤ ውስጥ ቲቢ እንዳለ ጠየቀኝ። በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ኖሬ እንደሆነም ጠየቀኝ፤ በዚያ አካባቢ የሽንት አካላትን የሚያጠቃው የቢልሃርዚያ ዓይነት ስለሚገኝና በሽንት መጨረሻ ላይ የሚታይ ደም ዋና ምልክቱ ስለሆነ ነው። የወጣት ወንድ የሽንት ቧንቧ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ተራ የሽንት ኢንፌክሽን እንደ ሴቶች በቀላሉ እንደማይይዘው፣ ስለዚህም በእኔ ዕድሜ «ኢንፌክሽን ነው» ከመባሉ በፊት በምርመራ መረጋገጥ እንዳለበት አስረዳኝ። አንቲባዮቲክ የካልቸርን፣ ማለትም ባክቴሪያን በላቦራቶሪ አብቅሎ የማየት ምርመራን፣ ውጤት ስለሚያበላሽም ምንም ሳልወስድ ሁለት ሳምንት እንድቆይ አደረገኝ።

የፕሮስቴት ምርመራው በጣት በፊንጢጣ በኩል የሚደረግ መሆኑን ሲነግረኝ ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ይህን የምጽፈው ብዙ ወንዶች ከሐኪም የሚሸሹት ይህንኑ በመፍራት እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ምርመራው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ የወሰደ ሲሆን፣ በሰባት ወራት ውስጥ ሕመሙ ያለበትን ቦታ በትክክል የነካ የመጀመሪያው ምርመራም እሱ ነበር። ሐኪሙ ከዕጢው ይልቅ በግራና በቀኝ ያሉት ጡንቻዎች እንደ ገመድ ተወጥረው እንዳገኛቸው፣ ሲጫናቸውም እኔ የማውቀው ሕመም ራሱ እንደሚነሣ አሳየኝ። ከዕጢው መታሸት በፊትና በኋላ በሁለት ብርጭቆ ከተወሰደው ሽንት ባክቴሪያ አልበቀለም፤ በሁለተኛው ውስጥ የታዩት ጥቂት ነጭ የደም ሴሎች ብቻ ናቸው። የጨብጥና የክላሚዲያ ምርመራው ነጻ ነበር፤ ስኳርም አልነበረብኝም። በአልትራሳውንድ የታየው ዕጢም 22 ግራም ያህል ሲሆን ለወጣት ጤናማ መጠን ነው። የፕሮስቴት ማደግ ከ40 ዓመት በፊት እምብዛም እንደማይታይ፣ ፒ.ኤስ.ኤ. ደግሞ በዕጢው መቆጣትና በቅርብ ጊዜ የዘር ፈሳሽ በመውጣቱ ጭምር ሊጨምር እንደሚችል ነገረኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲደገም 1.1 ሆነ። ያ ምርመራ መጀመሪያውኑ ለእኔ ዕድሜና ለእኔ ሕመም የሚታዘዝ አልነበረም።

የበሽታዬ ስም ሥር የሰደደ የፕሮስቴት መቆጣትና የዳሌ አካባቢ ሕመም ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ፕሮስቴታይቲስን (የፕሮስቴት መቆጣትን) በአራት ምድብ ይከፍለዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በባክቴሪያ የሚመጡ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው፣ ማለትም የእኔው፣ ባክቴሪያ የማይገኝበትና ከጠቅላላው ታካሚ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚይዝ ነው፤ አራተኛው ምልክት የለውም። ይህን ስሰማ ያለቀስኩት ከእፎይታ ይሁን ከቁጭት ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም።

ሕክምናው አንድ መድኃኒት አልነበረም። የፊኛን አንገትና የፕሮስቴትን ጡንቻ የሚያላላ ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም ማታ ማታ፣ ለአጭር ጊዜም የሕመም ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ጫቱን እንድተው የነገረኝ በምክንያት ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር የፊኛን አንገት ያጠብቃል፤ በየመን በጤናማ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናትም ጫት የሽንትን ፍሰት እንደሚቀንስና ከታምሱሎሲን ጋር አንድ ወገን የሆነ መድኃኒት ይህን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ያልተነገረኝ አንድ ነገር ግን ነበር፤ ታምሱሎሲን በወሰድኩ በሳምንቱ የዘር ፈሳሼ እጅግ አነሰ። መካን የሆንኩ መስሎኝ መድኃኒቱን አቋረጥኩ፤ ከወር በኋላ ስመለስ ሐኪሙ ይህ የታወቀና መድኃኒቱ ሲቆም የሚመለስ ውጤት መሆኑን ገልጾ፣ ቀድሞ ባለመንገሩ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ መድኃኒት ስቀበል ሁልጊዜ «ምን ሊያደርገኝ ይችላል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ ፊዚዮቴራፒ ነው። እኔ በኅዳር ወር ከኢንተርኔት ባየሁት ቪዲዮ ተነሥቼ ሽንትን ለማቋረጥ እንደሚደረገው ጡንቻን የመጨበጥ ልምምድ በቀን ሦስት ጊዜ እሠራ ነበር፤ ሕመሙም በየቀኑ ይብስብኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን ስነግራት «ወንድሜ፣ የተጨበጠ እጅን እንደገና መጨበጥ ነው የያዝከው፤ አንተ የሚያስፈልግህ መፍታት ነው» አለችኝ። ያ ልምምድ ጡንቻው ለደከመበት ሰው ይጠቅማል፤ ለተወጠረበት ግን ይጎዳል። እሷ ያስተማረችኝ ሆድን እየነፉ በዝግታ መተንፈስን፣ ተንበርክኮ ግንባርን መሬት አስነክቶ መቆየትን፣ የጭንና የዳሌ ጡንቻዎችን ማሳሳብን ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ምንም ለውጥ ስላላየሁ ልተወው ነበር።

እንዳልተው ያደረገኝ መዝገብ ነው። የዚህ በሽታ ታካሚዎች የሚሞሉት፣ ሕመምን፣ ሽንትንና የኑሮን ሁኔታ የሚመዝን ከ0 እስከ 43 የሚቆጠር መጠይቅ አለ። በጥር 28 ነበርኩ፤ በመጋቢት 21፣ በሰኔ ደግሞ 11 ሆነ። ስሜቴ «ምንም አልተለወጠም» በሚለኝ ሳምንት ቁጥሩ መውረዱን ያሳየኝ ነበር፤ ሐኪሞች 6 ነጥብ መቀነስን እንደ እውነተኛ መሻሻል እንደሚቆጥሩትም ነገሩኝ። ከዚህ ጋር የጠጣሁትንና የሸናሁበትን ሰዓት ለሦስት ቀናት ስመዘግብ፣ በቀን አራት ስኒ ቡና እየጠጣሁ ውሃ ግን ከሁለት ብርጭቆ እንደማያልፍ አየሁ። ቡናውን ወደ አንድ አወረድኩት። በየ50 ደቂቃው የሚጮህ ማንቂያም ስልኬ ላይ ሞላሁ።

ለእጮኛዬ የነገርኳት በየካቲት ነው፤ ወረቀቱን ሰጥቻት። ልጅ ስለመውለድና ስለ ግንኙነት የነበረኝን ፍርሃት ሁሉ አነበበች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም አብራኝ ገባች። የፈራሁት ጥያቄዋን ነበር፤ እሷን ያሳዘናት ግን ሕመሙ ሳይሆን ሰባት ወራት ብቻዬን መቆየቴ ነው።

የእኔ በሽታ የሚያሰቃይ እንጂ የሚገድል አልነበረም፤ ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሽንት ማቃጠል ጋር ከመጣ፣ ሽንት ፈጽሞ ከተዘጋ፣ በሽንት ደም ከታየ ወይም የዘር ፍሬ በድንገት አጥብቆ ከታመመ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው። በተለይ ድንገተኛው የዘር ፍሬ ሕመም የፍሬው መጠምዘዝ ሊሆን ስለሚችል ከ6 ሰዓት በላይ መቆየት ፍሬውን ሊያሳጣ ይችላል።

ዛሬ የመጠይቁ ቁጥሬ 6 ነው። ሕመሙ አልፎ አልፎ፣ በተለይም ረጅም መንገድ ስቀመጥ፣ ይመለሳል። ባለፈው ገና ወደ ደሴ ስንጓዝ ደብረ ሲና ስንደርስ ሾፌሩን «እባክህ፣ ሽንቴን ልሸና፤ ቆም በልልኝ» ብዬ በተሳፋሪው ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ ጠየቅሁት። አውቶቡሱ ሲቆም ከኋላዬ ሰባት ወንዶች ተከትለውኝ ወረዱ።