ሆደ ሰፊዎቹ ሴሎች

ማክሰኞ ማታ።

ዛሬ አራተኛውን ኢንፍሊክሲማብ ወሰድኩ፤ ከጀመርኩ 14ኛ ሳምንቴ ነው። መርፌው የገባበት ክንዴ ላይ ፕላስተሩ እስካሁን አለ። መድኃኒቱ በደም ሥር ጠብ ጠብ እያለ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እኔም ጠብታውን እያየሁ በሐሳብ እነጉዳለሁ። ዛሬ «አቅም» የሚለው ቃል አልለቅ አለኝ።

አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚባለው ትልቁን አንጀት የሚያቆስል በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ የሚወዱኝ ሰዎች ሁሉ የሚሉኝ ተመሳሳይ ነው፦ «በሽታ የመከላከል አቅምህ ስለተዳከመ ነው፣ አጠናክረው።» እኔም አምኜ ነበር። በቀን አሥር ጊዜ መጸዳጃ ቤት ስመላለስ፣ ደም ሳይ፣ ሌሊት ሆዴን ይዤ ስነቃ፣ «ሆድ ይፍጀው» ብዬ ወራት ሙሉ ዝም ያልኩት ከዚያ እፍረት የተነሳ ነው። የደከመ ሰውነት ይዞ መገኘት እንደ ጥፋት ይቆጠርብኝ ይመስለኝ ነበር።

አንጀቴን በካሜራ ካዩበት ምርመራ፣ ከኮሎኖስኮፒው በኋላ ሐኪሜ ከአንጀቴ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ የተነሳ ምስል አሳየችኝ። ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ፣ ሲያዩት የሚያምር ነገር ነው። በአንጀቱ ሽፋን ውስጥ ቀጫጭን ጉድጓዶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አንደኛው ግን ተነፍቶ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ኑክለሳቸው ሦስት አራት ቦታ የተከፋፈለ ትናንሽ ሴሎች ታጭቀውበታል።

«ዶክተር፣ ጀርሞቹ እነዚህ ናቸው?» አልኳት።

«አይደሉም። የራስህ ናቸው፤ ኒውትሮፊል ይባላሉ። አንተን ሊከላከሉ የመጡ ናቸው።»

ያን ቀን የገባኝ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ቀስ በቀስ፣ እያነበብኩና እሷን እየጠየቅኩ መጣልኝ። ለምሳሌ በሰገራ የሚለካው ካልፕሮቴክቲን የሚባለው ነገር። በአብዛኛው ከ50 በታች ሲሆን ደህና ነው በሚባልበት ምርመራ የኔ 1,840 ነበር። ቁጥሩን የበሽታው ክብደት ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ካልፕሮቴክቲን ግን ኒውትሮፊሎች ተሸክመውት የሚመጡት ፕሮቲን ነው፤ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ዚንክና ማንጋኒዝ ይነሷቸዋል። እንግዲህ 1,840 ማለት ወደ አንጀቴ የተመመው ሠራዊት ትቶት የሄደው ትጥቅ ነው። አቅም አንሷል የሚባል ሰውነት ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

አንጀትን የሚሸፍነው የሴል ንጣፍ አንድ ረድፍ ብቻ ነው፣ እሱም በየጥቂት ቀኑ እየታደሰ። ከንጣፉ ወዲያ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች፣ ወዲህ ደግሞ እጅግ ብዙ የመከላከያ ሴሎች ይኖራሉ። በጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ ይህ ሁሉ ጎረቤት ሳይጣላ ውሎ ማደሩ ነው ለኔ ተአምር የሆነብኝ። እዚያ የሚኖሩት ማክሮፋጆች የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ንጣፉን ሾልኮ የገባ ባክቴሪያ ሲያገኙ ይውጡታል፣ ግን አይጮሁም። ዝም ብለው ሥራቸውን ይሠራሉ። ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የሚባሉት ደግሞ ሌሎቹን ያበርዳሉ፤ ከሚያበርዱባቸው መንገዶች አንዱ ኢንተርሉኪን 10 የሚባል መልእክት ነው። ከእነዚህ ሴሎች ጋር በተያያዘ ግኝታቸው ሦስት ተመራማሪዎች፣ ሜሪ ብሩንኮ፣ ፍሬድ ራምስዴልና ሺሞን ሳካጉቺ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ የገዛ ዘመዴ የተሸለመ ያህል ደስ ብሎኛል።

መልእክቱ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢንተርሉኪን 10 እንዳይኖራቸው ተደርገው የተፈጠሩ አይጦች አንጀታቸው ቆሰለ። በኋላም የመልእክቱ መቀበያ ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሕፃናት እንዳሉ ታወቀ፤ ገና በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ወራት ከባድ የአንጀት ቁስለት ይይዛቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ከሌላ ሰው የአጥንት መቅኔ ተሰጥቶት በሽታው በረደለት። አንጀቱ ያው የድሮው ነው፤ የተለወጡት የመከላከያ ሴሎቹ ናቸው።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል ነበረው፤ እኔ ነኝ «አቅም» ላይ ተቸክዬ የቀረሁት። ጉልበቱ የበረታውን «ቻለ» እንላለን፤ በደል ታግሦ ያለፈውንም «ቻለው» እንላለን። ታጋሹን ሆደ ሰፊ፣ በጥቂቱ የሚከፋውን ሆደ ባሻ ያሉት ሰዎች ስለ ቲ ሴል የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ቃሉ ግን የኔን ሕመም ቁልጭ አድርጎ ይገልጸዋል። ሴሎቼ መዋጋት አላቃታቸውም፤ መቻል ነው ያቃታቸው።

ለምን እንደማይችሉ ሳስብ ደግሞ ላዝንላቸው ይቃጣኛል። ሞኖሳይቶች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ወጥተው የተቆጣ አንጀት ውስጥ ሲገቡ እንደ ነባሮቹ ማክሮፋጆች ዝምታውን ሳይማሩ ወደ ግርግሩ ይቀላቀላሉ፤ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 23 የሚባሉ ቁጣውን የሚያባብሱ መልእክቶች ያመርታሉ። ቲኤንኤፍ የደም ሥሮችን ለተጨማሪ ሴሎች ክፍት ያደርጋል፣ የንጣፉንም መገጣጠሚያ ያላላል። መገጣጠሚያው ሲላላ ባክቴሪያዎች በእርግጥ ይገባሉ። ያኔ የሚጮኸው ሴል አልተሳሳተም፤ ጠላት ገብቷል። እሱ ሲጮህ ሌላው ይመጣል፣ ንጣፉ የባሰ ይላላል። ይህ እሳት መጀመሪያ በምን ይለኮሳል? ዘር አለበት፣ ባክቴሪያዎቹም አሉበት፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ጣቴን ማሳረፍ አልችልም።

ዛሬ በክንዴ የገባው ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍን መንገድ ላይ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ክሮንስ ለሚባለው ሌላው የአንጀት ቁስለት በሽታ፣ በ2005 ደግሞ ለኔ ዓይነቱ ተፈቀደ። ከመጀመሬ በፊት የቲቢ ምርመራ ሲያዙልኝ ሆዴንና ቲቢን ምን አገናኛቸው ብዬ ነበር። ለካስ ሰውነት ተኝቶ ያለን የቲቢ ባክቴሪያ በሴሎች አጥር ከብቦ ነው የሚያኖረው፤ አጥሩ እንዲጸናም ቲኤንኤፍ ያስፈልገዋል። አንጀቴን ያቆሰለው መልእክት ሳንባ ውስጥ ዘብ የሚቆመው ራሱ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ «ሰውነቴ ጠላኝ» ማለት አቆምኩ።

ታላቅ እህቴ ማታ ደውላ «አቅሙ ተመለሰልህ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ደህና ነኝ» ብዬ ወሬ እቀይር ነበር። ዛሬ ግን ስለ ደሙም፣ ስለ ሌሊቶቹም፣ ስለ ሮዙ ምስልም ነገርኳት። ብዙ ቆይታ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ብቻህን ነው የቻልከው?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

አሁን መመላለሱ በቀን ሁለት ጊዜ ሆኗል፣ ደምም ካየሁ ሳምንታት አልፈዋል። ሐኪሜ ግን መድኃኒቱን በራሴ ጊዜ እንዳላቋርጥ አጥብቃ ነግራኛለች። ቁስሉ ሲድን ሁሉም ሴል ወደ መጣበት አይመለስም፤ የሆነውን የሚያስታውሱ ቲ ሴሎች እዚያው አንጀቱ ውስጥ ይቀራሉ። ዓርብ የካልፕሮቴክቲን ናሙና አስገባለሁ። ቀጣዩ መርፌ ከ8 ሳምንት በኋላ ነው።